ሽማግሌ ሲመላለስ ሦስቱ ወር ያልቃል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ እንኖራለን፤ ተጋብተን ሁለት ልጆች ወልደናል። ባለቤቴ ሲናደድ እጁን ያነሳል። የጥምቀት ዕለት ማታ ከመታኝ ወዲህ ስልክ የማናግረው በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች «ከፋሲካ በኋላ እንጨርሰዋለን» ብለዋል። ቤቱን ጥዬ ብወጣ ድርሻዬን አጣለሁ?

መልስ፦ አታጪም። በትዳር የተፈራ ሀብት ቤት ለቆ በመውጣት አይቀርም። ፍቺ ስትጠይቂ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹና ከቤት ስለሚወጣው ሰው ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል (የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82)። የቤቱን ካርታና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ኮፒ የምታምኚው ሰው ጋ አስቀምጪ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ግራ ጆሮሽ ነው። እህቴ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት በአንድ መስመር ታልፊዋለሽ? ሐኪም አይቶታል? አይቶት ከሆነስ ምን አልሽው? «ወድቄ ነው» ካልሽ ካርዱ ላይ የሰፈረው እሱ ነው፤ ነገ የተከሳሽ ጠበቃ የሚያነበውም እሱኑ ነው።

ብዙ ሴቶች የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ተራ የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት (ጉዳት ያላስከተለ ምት) የሚያስከስሱት በመርህ ደረጃ ተበዳይዋ አቤት ስትል ነው፤ የአቤቱታው ጊዜ ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 213)። መቺሽን ስለምታውቂው የአንቺ ቆጠራ ጥር 11 ጀምሯል፤ ሚያዝያ 11 ገደማ ያበቃል። ሽማግሌ መቀመጡ ቆጠራውን ያቆማል የሚል ድንጋጌ የለም። መጀመሪያ ባልሽ ከሽምግልናው ይቀራል፣ ቀጥሎ ጾሙ ይፈታ ይባላል፣ ከዚያ ይቅርታ ይጠይቃል። እንደገና ሲመታሽ የጥምቀቱ ጉዳይ ጊዜው አልፎበታል።

የመስማት ችሎታሽ ተጎድቶ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ከባድ የአካል ጉዳት ሊሻገር ይችላል (አንቀጽ 555፣ እስከ 15 ዓመት)፤ ያኔ ዐቃቤ ሕግ የአንቺን አቤቱታ አይጠብቅም፣ የሽማግሌ ዕርቅም ክሱን አይዘጋውም። ባልሽ መሆኑም ከቅጣት አያድነውም፤ አንቀጽ 564 ይህን በግልጽ ይዟል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የሕክምና ማስረጃው ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ። ቃልሽን ስጪና ለመንግሥት ሆስፒታል ደብዳቤ አጽፊ። የጆሮ ሐኪም ይይሽ፤ ማን፣ በምን፣ በየትኛው ቀን እንደመታሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ቀድሞ «ወድቄ ነው» ብለሽ ከነበረ ለምን እንዳልሽም ለፖሊሱ ተናገሪ።

የሽማግሌ ወረቀት ከመጣ ጠበቃ ሳያነበው አትፈርሚ። «ክሴን ትቻለሁ» የምትል መስመር ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ትገባለች። ለጠበቃ የምትከፍዪው ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ሂጂ።