ስኳር፣ ልብና ገበታችን፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከደሴ እስከ ቆቦ የተላኩት ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የመድኃኒት መጠን የሚቀይረው የሚከታተላችሁ ሐኪም ብቻ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ምግቡ ነው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «ጤፍ ተዪ፣ ዳቦ ተዪ» እያለ ግራ አጋባት። ከምግብ በኋላ ሲለካ 260 ይደርሳል። ምን ትብላ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ እንጀራ ተዪ አትባልም፤ መታየት ያለበት መጠኑ ነው። 100 ግራም የጤፍ እንጀራ 35 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ገብቶ ወደ ስኳር የሚቀየር ነገር፣ አለው። አንዱ እንጀራችሁ ሚዛን ላይ 300 ግራም ከመጣ፣ ሙሉውን ስትበላ ከ100 ግራም በላይ በአንድ ጊዜ ገባ ማለት ነው። ለብዙ የስኳር ታማሚ በአንድ ገበታ ከ45 እስከ 60 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ ይህም ግማሽ እንጀራ ገደማ ይሆናል። የቀረውን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ፣ ምስር ወይም ሽሮ ይሙላው። ድንች ግን ሂሳቡ ከእንጀራው ጋር ነው፤ አትክልት ብላችሁ እንዳትቆጥሩት።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ጎመኑንና ምስሩን ቀድማ በማንኪያ ትብላ፣ እንጀራው ይከተል። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ስኳሩ በአንድ ጊዜ አይዘልም። ከበላች በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ግቢ ውስጥ ትራመድ፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ይስባል። ስትለኩ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምራችሁ 2 ሰዓት ቁጠሩ። ግቡ ከ180 በታች ነው።

ያቺው ጠያቂ፦ እኛ ቤት ሁሉም በአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ግማሹን በምን ታውቃለች?

መልስ፦ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእጅ የተቆረሰውን ሁሉም ይቆጥራል፤ ከሥር ተነጥፎ ወጡን የጠጣው ግን እንደ እንጀራ አይቆጠርም። እሱም እንጀራ ነው፣ ዘይቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ድርሻዋ አስቀድሞ ተቆርጦ በፊቷ ይቀመጥ። ስታጎርሷትም ከዚያው ከድርሻዋ ይሁን፤ ማዕዱም አይለይም፣ መጠኑም አይጠፋም።

ጥያቄ፣ ከባቲ፦ እኛ የማሽላ እንጀራ ነው የምንበላው። ከጤፍ ይሻላል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ከነገለባው የተፈጨ ማሽላ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚንሸራሸረው። ጤፍም ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ነው የሚፈጨው፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። እንጀራ እንዲነጣ ሩዝ ሲቀላቀልበት ግን ስኳር ቶሎ ይወጣል። ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ስለ እሱ ጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ አሰላሙ አለይኩም። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ረመዳንን ካልጾምኩ ይላሉ። እንዴት እንርዳቸው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ከረመዳን 6 ወይም 8 ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። አደጋው ያለው ግሊቤንክላማይድ ላይ ነው። ይህ መድኃኒት ምግብ ኖረም አልኖረም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ስለሚል፣ እንደወትሮው ጧት ተውጦ ቀኑን ሙሉ ካልተበላ ስኳር ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። ሐኪሙ ወይ ይቀይረዋል፣ ወይ ዋናውን መጠን ወደ ኢፍጣር (ማታ ጾም ወደሚፈታበት) አዙሮ የሱሑሩን (ከጾም በፊት ሌሊት የሚበላበትን) ይቀንሳል። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አያወርድም።

ኢፍጣር ላይ 1 ወይም 2 ተምርና ውሃ ይበቃል፤ አንድ መካከለኛ ተምር ከ5 እስከ 7 ግራም ስኳር አለው። ቀጥሎ ሾርባ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ግማሽ እንጀራ ከምስር ወይም ከቀይ ሥጋ ጋር። ብዙ ቤት ስኳሩን የሚያወጣው የተጠበሰው ሳምቡሳ፣ ጁስና ጣፋጭ ሻይ ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ሳምቡሳ ካስፈለገ 1 ይብቃ፣ ጁሱን ውሃ ይተካው። ሱሑር በተቻለ መጠን ወደ ፈጅር፣ ወደ ንጋቱ ሶላት፣ ይጠጋ፤ ፉል፣ እንቁላልና ጥቂት እንጀራ ከሩዝና ከነጭ ዳቦ የበለጠ ያቆያል።

ከሱሑር በፊት፣ ቀትር ላይ፣ ከኢፍጣር በፊትና ከኢፍጣር 2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፤ ለመግሪብ 20 ደቂቃ ቢቀረውም። ታማሚ እንደማይገደድ በቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 184 እና 185 ተቀምጧል፤ አባትዎ ከእርስዎ ይልቅ ከመስጊዱ ኢማም ቢሰሙት ይቀበሉ ይሆናል።

ስኳር ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብርቱ ረሃብና መቅበጥበጥ ይመጣል። ያኔ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክታችሁ ካልወጣ ድገሙት። ቅባት ያለበት ነገር አትስጡ፣ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ታንቆ ይሞታል። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ አብሽ ስኳር ያጠፋል ተብሎ በማር እየጠጣሁ ነው። ልቀጥል?

መልስ፦ አብሹን ካልክ ማሩን ተው። አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ልጋግ የምግብ አሰር ነው፤ የስኳርን መመጠጥ ያዘገያል፣ በመጠኑም ይረዳል። ማር ግን ለደም ያው ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። አብሹን ለመጠጣት ብለህ መድኃኒትህን ካቆምክ ደግሞ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ይሆናል። በሶም እንዲሁ ነው፤ የገብስ አሰር ኮሌስትሮልን ይቀንሳል፣ በስኳር ሲበጠበጥ ግን ለስኳር ታማሚ አይሆንም። ገብሱን ቆልቶ እንደ ቆሎ መብላት ይሻላል፣ ያልተፈጨ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ልብ ድካም ፈርቼ ቅቤ ትቼ የሚረጋውን ዘይት ጀመርኩ። ዓሣም እዚሁ ስላለ አዘውትሬ እጠብሳለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው የሚረጋ ስብ ነው። ይህ ስብ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚያነሳበትን በር ይቀንሰዋል፤ ኮሌስትሮሉ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ የልብን ሥር ያጠባል። ቅቤ ትተህ ወደ ፓልም መሄድ ብዙም አላራቀህም። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ተጠቀም፤ እነዚህ በብርድም ፈሳሽ ናቸው። ግን እነሱም በልክ ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ከጠርሙሱ እያንቆረቆሩ ቁሌት መሥራት ይቅር።

ሐይቅ ላይ ሆኖ ቆሮሶ ማግኘት ዕድል ነው፤ ሥጋው ስቡ ትንሽ ነው። የሚያበላሸው በተደጋጋሚ በተጠበሰበት ዘይት ውስጥ መንከሩ ነው። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በአንድ ማንኪያ ዘይት ወጥ አድርገው፣ ወይም በደረቅ ምጣድ ላይ አብስለው።

ጨውም አትርሳ። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ፣ ዳቦውና ወጡ ሁሉ ተደምሮ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ስለገባበት፣ ድስቱ ላይ ስትጨምር ሁለተኛ ጊዜህ ነው። ግፊት ያለበት ሰው መጀመሪያ ይህን ይቁረጥ።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፦ ዓቢይ ጾምን ሁሌ እጾማለሁ። ሜትፎርሚን ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። አሁን እግሬ ይደነዝዛል፣ ስኳሩ ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሌላም ነገር አለ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ ጾሙ ሲጨመርበት እጥረቱ ይከፋል፤ ምልክቱም ያው የእግር መደንዘዝ ነው። «ቢ12 ይመርመርልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ በኪኒን ወይም በመርፌ ይተካል። ችላ ከተባለ ነርቩ ላይመለስ ይችላል። እስከ 9 ሰዓት ሲቆዩም መድኃኒቱን በባዶ ሆድ አይውሰዱት፣ ሆድ ይረብሻል።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ ቡናና ጫት ለስኳር ይከፋሉ?

መልስ፦ ቡናው ራሱ አይከፋም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለህ በየስኒው 2 ማንኪያ ስኳር ካደረግህ ግን 6 ማንኪያ፣ 24 ግራም ገደማ ስኳር ነው፤ ቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ እጥፍ ይሆናል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንስ ምላስህ ይለምደዋል። ጫት ግን ለልብም ለስኳርም መጥፎ ነው። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ መድኃኒት ውጦ ምሳ የዘለለ ሰው ስኳሩ ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ ባንድ ጊዜ ይበላል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ በ300 ሚሊ ሊትር ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው።

ጥያቄ፣ ከቆቦ፦ ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ አይደለም እንዴ? ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን ስኳር አለብህ ተባለ።

መልስ፦ ቀጭንም ይይዘዋል፤ በኛ አካባቢ ደግሞ ይህን ማወቅ በጣም ያስፈልጋል። በኔዘርላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው የብርድ ወራት በረሃብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው ስኳርን በአግባቡ መቆጣጠር እንደተሳነው ታይቷል። በማኅፀንና በጨቅላነት ምግብ ሲያጥር ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት በበቂ አይገነቡም። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ዘመን ወሎ ውስጥ የተወለዱት ዛሬ በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው።

ለቀጭን ታማሚ «ምግብ ቀንስ» የሚለው ምክር ይጎዳዋል። ድርሻውን ለ4 ወይም ለ5 ጊዜ ከፋፍሎ ይብላ፤ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ይጨመርለት። ብዙ ውኃ እየጠጣ፣ ሽንት እያመላለሰው ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ኢንሱሊን ያስፈልገው ይሆናልና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት። እናንተ ወንድምና እህቶቹም በባዶ ሆድ ተመርመሩ፦ ከ100 እስከ 125 ከሆነ በቋፍ ላይ ናችሁ፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ስኳር ነው። ግፊትና ኮሌስትሮልም አብሮ ይታይ፤ የስኳር ታማሚን በብዛት የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ኩላሊት ተጎድቷል ከተባለ ግን ከላይ ስለ ባቄላና ምስር ያልኩት ይቀየራልና ልኩን ሐኪሙ ይንገራችሁ።