ፊልሙን አይቶ ኮሚክ ለሚፈልግ ልጅ ምን ይገዛ?

ጥያቄ፦ የልዕለ ጀግና ፊልሞች እውነት የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አንባቢ ያበራክታሉ? የ13 ዓመት ልጄ ስፓይደርማንን ካየ ወዲህ «ኮሚኩን ግዢልኝ» ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ከየትኛው ልጀምርለት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አንዳንዴ አዎ፤ የሚያቆየው ግን መጽሐፉ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የ«ዋችሜን» ፊልም ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ፊልሙ የተሠራበት፣ 20 ዓመት ያለፈው የልዕለ ጀግና ኮሚክ አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ ተቸበቸበ። 12ቱም ክፍሎች በአንድ ጥራዝ ስለተጠረዙ ታሪኩ እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። (እሱ እንኳ ለአዋቂ ነው፤ ለልጅዎ አይሆንም።)

ስፓይደርማን ግን ከ1962 ጀምሮ ሲጻፍ የኖረ ነው። የዚህን ወር እትም ቢገዙለት 20 ገጽ ገደማ ያላት ቀጭን መጽሔት ናት፤ ከታሪኩ መሃል ትጥለዋለች፣ ሳይገባውም ታልቃለች። ብዙ አዲስ አንባቢ የሚጠፋው እዚህ ላይ መሆኑ ያሳዝናል።

ስለዚህ ወርሃዊውን ትተው ጥራዙን ይያዙ። አንዱ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 እትሞችን ይይዛል፤ የትኞቹን እንደያዘ ደግሞ ከፊት ባሉት ገጾች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «1–6» ካለ መነሻው ነው፤ «31–36» ካለ መደርደሪያው ላይ ይመልሱት። አሳታሚዎች ቁጥሩን በየጊዜው ከ1 ስለሚጀምሩት የደራሲውንም ስም ይያዙ፤ ሁለተኛውን ጥራዝ ሲፈልጉ እንዳይምታታብዎት። ከመግዛትዎ በፊት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቁ፤ ጥራዞቹን በነፃ ያውሳሉ።