ከመርዶ በፊት የምትነጋገሩት ነገር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ ሰው ሲሞት ከቀብሩ እኩል የሚያስጨንቅ ሌላ ጉዳይ አለ። ውጭ ላለችው ልጅ ማን ይንገራት? መቼ ይነገራት? ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤሩት፣ ዋሽንግተን ሰው የሌለው ቤት እዚህ ብዙ አይገኝም። እኔ ብዙ ዘመን ጅዳ ኖሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። መርዶ የሚጠብቀውንም የሚደብቀውንም ወገን ስለማውቅ ነው ውጭ አገር ያላችሁትን ይህን የምለምናችሁ፦ ሁሉም ሰው በደህና ሳለ፣ መርዶ እንዴት እንዲነገራችሁ እንደምትፈልጉ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።

«አታሟርቺ» ይሏችኋል። ይበሉ። እናንተ ግን ንገሯቸው።

ቤተሰብ የሚደብቀው በክፋት አይደለም። አገር ቤት መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ሌሊት ይማከራሉ፣ ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳሉ፣ ያዘነው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ ጎረቤት አለ። የሥርዓቱ ቁም ነገር ማንም ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጅ ላይ ሲደርስ ግን መላው ይጠፋል። ብቻዋን ናት፣ ሥራ ላይ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት እየተባለ ቀኑ ይገፋል።

አንድ ጊዜ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሟቿ ስልክ ጠራ። ኢሞ ነው፤ ዐረብ አገር ያለችው ልጇ ፎቶ በስክሪኑ ላይ በራ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ታላቅ ወንድሟ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፦ «እማዬ ጸበል ወርዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።» ልጅቱ የሰዉን ድምፅ ሰምታ ኖሮ «ምንድን ነው ጫጫታው?» ብላ ጠየቀች። «ጎረቤት ሠርግ አለ» አላት። ተመልሶ ሲገባ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነው ያለቀሰው። ልጅቱ የእናቷን መሞት ያወቀችው በኋላ ፌስቡክ ላይ፣ አንድ የሰፈር ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ የለጠፈውን ፎቶ አይታ ነው። የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ እራት እያቀረበች። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ «ሁሉም ደህና ነው» ሲላት አታምነውም። ስልኳ በሌሊት በጠራ ቁጥር ልቧ ይርዳል። ሐዘኑ አንድ ነገር ነው፤ በቤተሰብ ቃል ላይ የነበራት እምነት መሰበሩ ሌላ ቁስል ሆኖባታል።

ቁርጥን አለማወቅ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ እኛ አካባቢ አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ ስልክ ሲቋረጥ፣ ውጭ ያለው ሰው ወገኑ ይኑር ይሙት ሳያውቅ ሰነበተ። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህን ዓይነቱን ሐዘን ማጥናት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ከጠፋ ወታደሮች ቤተሰቦች ጋር ነው። ቁርጡ ያልታወቀ ሰው ላይ ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አይቻልም፤ አእምሮ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይደክማል። ጦርነቱን እኛ አላመጣነውም። ቤተሰብ የሚሰውረው መርዶ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

እንግዲህ ምን ትነጋገራላችሁ? መጀመሪያ ስለ ሕመም። «እናቴ ብትታመም እንዳትደብቁኝ» በሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሞት ከተደበቀ በኋላም ቢሆን ይነገራል፣ የተደበቀ ሕመም ግን የመጨረሻውን ጭውውት ይዞ ይሄዳል። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተደርጎላት «እማ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ይቅርታም ምርቃትም መቀበል በኋላ በምንም አይተካም። ከዚያ አገር ቤት አንድ ነጋሪ ምረጡ፤ እናንተ ባላችሁበት ከተማም አንድ የልብ ሰው። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚደውለው ለዚያ ሰው ይሁን፣ እሱ በራችሁን ያንኳኳ። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ ማንም በማይገባበት የምትኖሩ ደግሞ፣ ሥራ ጨርሳችሁ ክፍላችሁ ስትገቡ በድምፅ እንዲነገራችሁ፣ የነገራችሁም ሰው ቶሎ እንዳይዘጋ፣ ሲነጋም መልሶ እንዲደውል አስቀድማችሁ ተስማሙ። እናንተ ሳትሰሙ ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍም ለጎረቤት ጭምር ይነገር።

ከቀብር በፊት መስማት ትፈልጋላችሁ ወይስ በኋላ? ይህም ይቆረጥ። ሙስሊም ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ስለሚቀብር ተሳፍሮ መድረስ አይቻልም፤ ቀብሩን በስልክ ልከታተል የሚል ግን አለ። የማይችልም አለ። ሁለቱም ያስኬዳል፣ ብቻ ምርጫው የእናንተ ይሁን።

መርዶው ከደረሰ ደግሞ ተቀመጡ። «ሥራ አለኝ፣ ሰው አላስቸግርም» ብላችሁ በራችሁን አትዝጉ። ሁለት ቡና የሚያፈላ፣ አንድ ድስት ወጥ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ይግባ። ለሰደቃ ወይም ለተዝካር ገንዘብ መላክ የሚያስመሰግን ነው፣ ነገር ግን ገንዘብ ልኮ ወደ ሥራ የሮጠ ሰው እርሙን አላወጣም። በሠልስቱ ወይም ተዕዚያው (የሙስሊሞች ለቅሶ መቀመጥ) ሳይነሳ በቪዲዮ ደውላችሁ ከእኅት ወንድሞቻችሁ ጋር አልቅሱ። ወንዶችም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በሳቃችሁ ትደነግጣላችሁ። አትሸማቀቁ። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳብራሩት፣ ያዘነ ሰው አንዴ ወደ ሐዘኑ አንዴ ወደ ኑሮው ይመላለሳል፤ ጤነኛው አካሄድም ይህ መመላለስ ነው። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት የቤት ኪራይ ማሰብ ሟችን መርሳት አይደለም።

ሌሊት የሚመጣው «አላስታመምኳትም፣ አልቀበርኳትም» የሚለው ጸጸት ግን ብቻውን አይለቅም። ያስታመመውን ሰው አግኝታችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ምን በላች? ማንን ጠራች? ማን ዓይኗን ከደነ? ሰው ያላየውን ነገር አእምሮው ከእውነቱ የከፋ አድርጎ ይስለዋል፤ ዝርዝሩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይረግባል። ያስታመመውም ሰው ቢሆን ጠያቂ ያገኘ እንደሆነ ይቀለዋል።

ናፍቆቱና ሕመሙ ከስድስት ወር አልፎ ምንም ሳይቀንስ ሥራና እንቅልፍ ከከለከላችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የተራዘመ ሐዘን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የሕመሞች መዝገብ ውስጥ አካቶታል፤ የእምነት ማነስ አይደለም። «እኔም በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ወሩን አትቁጠሩ፣ በዚያው ሰዓት ለሰው ተናገሩ።

አገር ስትገቡም ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ቅሬው (እድሩ)፣ ሰፈሩ፣ ያላያችሁት ዘመድ ሁሉ ይመጣል፣ ቤቱ ይጮኻል። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሳትደርሱ፣ ምን እንደሚጠብቃችሁ ውጭ ለተወለዱ ልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እንዳይደነግጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለጉብኝትም ለጉዳይም አትያዙባቸው። መቃብሩ ዘንድ ማን እንደሚወስዳችሁም ሳትሳፈሩ ወስኑ፤ ያስታመመው ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።