በየካቲት ወደ ስሚዝፊልድ የዝናብ ደን ብስክሌት ይዘው ለሚሄዱ ጠያቂያችን

በየካቲት አጋማሽ በአውስትራሊያ ወደምትገኘው ሰሜን ኩዊንስላንድ እንደሚጓዙ፣ ከቆይታዎም ሦስቱን ቀን በኬርንስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የስሚዝፊልድ ጥበቃ ፓርክ ብስክሌት በመንዳት ለማሳለፍ እንዳሰቡ፣ ሆኖም እስከ ዛሬ የነዱት በደረቅና ድንጋያማ ደጋ ላይ ብቻ መሆኑን ጽፈው፣ ምን ዓይነት ጎማ እንደሚሻልና ከደኑ አራዊት የሚያሰጋ ነገር መኖር አለመኖሩን ጠይቀዋል። ወደዚያ ፓርክ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንደኛው ጉዞዬ ልክ እንደ እርስዎ በዝናቡ ወቅት ነበር። ስለ ጎማውም ስለ አራዊቱም የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ከሁለቱም የሚቀድመው ግን እርስዎ ያልጠየቁት የአፈሩ ጉዳይ ነው።

ቀኑን መለወጥ የሚችሉ ከሆነ ይለውጡት። ኬርንስ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ የዚህም አብዛኛው የሚወርደው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ነው። በየካቲት ብቻ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ በነሐሴ ግን 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነሐሴ ሲባል ዶፍና ጭቃ ለሚታወሰን ለእኛ ነገሩ ግር ያሰኛል፤ በዚያ አካባቢ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ መሬቱ የሚጠነክርበትና ሙቀቱ የሚለዝብበት ደረቁ ወቅት ነው። የዝናቡን ወቅት ኃይል ለመገመት፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ጃስፐር የተባለውን አውሎ ነፋስ ተከትሎ የጣለው ዝናብ የባሮንን ወንዝ ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ከፍታ በላይ ማስነሣቱንና ወደ ኩራንዳ በሚወጣው መንገድ ላይ የተራራውን ጎን መናዱን ማስታወስ ይበቃል።

ፓርኩ ከከተማው በስተሰሜን፣ በማካሊስተር ተራሮች ግርጌ፣ ከጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ ይገኛል። የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2017 በኬርንስ ተካሂዷል፤ በ2017 ኒኖ ሹርተርና ዮላንዳ ኔፍ በአገር አቋራጭ ያሸነፉት በዚህ ደን ውስጥ ነው። መንገዶቹ እንደ ክብደታቸው በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በጥቁር ምልክት የተለዩ ናቸው፤ ነገር ግን ምልክቱ የተሰጠው ለደረቅ መሬት ነው ብለው ቢያስቡ ይሻላል። በእርጥብ ቀን አረንጓዴውን እንደ ሰማያዊ፣ ሰማያዊውን እንደ ጥቁር እቆጥረዋለሁ፤ ጥቁሩን ጭራሹን አልነካውም።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። ከላይ ሲታይ ያ ሁሉ ልምላሜ የተቀመጠበት አፈር እጅግ ወፍራምና ለም ይመስላል፤ ነገር ግን በሐሩራማ የዝናብ ደን አብዛኛው ምግብ የሚገኘው ወድቆ በሚበሰብሰው ቅጠልና በላይኛው ስስ የአፈር ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ ዛፎቹ ሥራቸውን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ስለዚህ መንገዱ በሥሮች የተጠላለፈ ነው። ብዙ ጎማ የሄደበት ሥር ልጡ ተልጦ እንደ አጥንት ይለሰልሳል፤ ሲረጥብም ሳሙና እንደ ተቀባ እንጨት ያንሸራትታል። በሥሮቹ መካከል ያለው ቀይ ሸክላ አፈር ደግሞ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ፣ ሲረጥብ ከጎማ ጋር ተጣብቆ የሚነሣ ነው። ሥሩን ለመሸሽ ወደ ዳር የወጣ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል።

ሥርን የማለፊያው ዘዴ ለመናገር ቀላል፣ ለመልመድ ግን ጊዜ የሚወስድ ነው። ጎማው ሥሩን በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ ማለትም መስቀለኛ ሆኖ እንዲመታው ያድርጉ፤ በሰያፍ የሄደ ጎማ በሥሩ አቅጣጫ ይንሸራተታል። ፍሬን የሚይዙት ከሥሩ በፊት ነው፤ ሥሩ ላይ ሲደርሱ ጣትዎን ያላሉ፣ ከኮርቻው ተነሥተው ጉልበትዎንና ክንድዎን ለቀቅ ያድርጉ፣ መሪውን አያጥፉ። በደረቅ ድንጋይ ላይ የለመደ ሰው በጭንቀት ጊዜ የፊት ፍሬን መጨበጥ ይቀናዋል፤ እኔም ሁለት ጊዜ የወደቅሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያ የዝናብ ወቅት ጉዞዬ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት አንድ ማለዳ ነበር፤ ዝናቡ ማባራቱን አይቼ፣ በሩቅ ተጉዤ መጥቼ እንዴት ሳልነዳ እመለሳለሁ ብዬ ገባሁ። በአንድ ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማዬ ተቆልፎ ሦስት እርምጃ ያህል ተጎተተ፤ ሳልወድቅ በመቅረቴ ደስ ብሎኝ ቀጠልሁ። ከሁለት ቀን በኋላ በእግሬ ስመለስ፣ ጎማዬ የቀደደው ፈር ጠርዙ ደርቆ፣ ውስጡ ውኃ ቋጥሮ አገኘሁት፤ በመካከሉ የተደረገው ዝናብ ከፈሩ ጫፍ ጀምሮ አፈሩን አጥቦ አንዲት ነጭ ቀጭን ሥር አጋልጧል። ከእኔ በኋላ ያለፉት ሰዎች ደግሞ ውኃውን ለመሸሽ ዳር ዳሩን በመሄዳቸው አንድ ክንድ የማይሞላው መንገድ እጥፍ ሰፍቶ ነበር። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ደስታ የበጎ ፈቃደኞችን የብዙ ቀን ሥራ እንዴት እንደሚያበላሽ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

መንገድ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የመንገዱ ዘንበልታ ከተራራው ጎን ቁልቁለት እኩሌታ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ በየጥቂት እርምጃውም ወደ ላይ የምትመለስ ትንሽ ጉብታ ይሠራሉ፤ ውኃው በመንገዱ ርዝመት ከመሮጥ ይልቅ በየጉብታው ሥር ወደ ጎን እንዲወጣ ነው። ጎማ የቀደደው ፈር ይህን ሁሉ ጥበብ ያከሽፋል፤ ለውኃው ቦይ ያበጅለታልና። ቀላል መለኪያ ልስጥዎት፤ ጫማዎ በመሬቱ ላይ ጥርት ያለ ጥልቅ አሻራ ከተወ ወይም አፈሩ ከጫማዎ ሥር አልላቀቅ ካለ ያን ቀን አይንዱ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቀን እንዲያልፍ እጠብቃለሁ፤ ምክንያቱም ጥላው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ውጭው ደርቆ እንኳ የደኑ ወለል ርጥብ ሆኖ ይቆያል። የኩዊንስላንድ ፓርኮችና የዱር እንስሳት አገልግሎት መዘጋትን በድረ ገጹ ስለሚያስታውቅ በየማለዳው ይመልከቱት፤ ተዘግቷል ከተባለ ማንም አያየኝም ብለው እንዳይገቡ አደራ እላለሁ።

አፈርን በተመለከተ ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ የዛፎችን ሥር የሚያበሰብስ ተሕዋስ በእርጥብ አፈርና በውኃ ይዛመታል፤ በሰሜን ኩዊንስላንድ የዝናብ ደኖችም ውስጥ ዛፎች በቡድን በቡድን የሚደርቁባቸው ቦታዎች ከእርሱ ጋር ተያይዘዋል። ከአንዱ ደን ወደ ሌላው በጎማና በጫማ ጭቃ ሊጓጓዝ ይችላል። ስለዚህ ብስክሌቱን ከመግባትዎ በፊትም ከወጡ በኋላም ይጠቡት፤ መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ማራገፍ፣ ቀጥሎ ማጠብ፣ በመጨረሻም ጎማውንና የጫማውን ሥር ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ረጭቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጎማውን ብቻ አጥቦ የፔዳሉንና የጫማውን ጥርስ መርሳት የተለመደ ነው።

የጠየቁትን ጎማ በአጭሩ ልመልስ። ጥርሱ ረዘም ያለና የተራራቀ፣ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ያለ ውስጠኛ ላስቲክ በፈሳሽ መድፈኛ የሚሠራ ጎማ ይምረጡ፤ ጥርሱ የተቀራረበ ከሆነ ሸክላው ሞልቶት ልሙጥ ይሆናል። እኔ 78 ኪሎ ግራም ስመዝን በደረቁ ወቅት ከፊት 23፣ ከኋላ 26 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እሞላለሁ፤ ሲረጥብ ከሁለቱም ሦስት ሦስት እቀንሳለሁ። ከጎማው ይልቅ ሰው የሚዘነጋው የፍሬኑን ሸራ ነው። ሙጫ ነክ የሆነው ሸራ በጭቃና በአሸዋ ቶሎ ያልቃል፤ ብረት ነክ የሆነው ይጮኻል፣ ነገር ግን ይቆያል። መለዋወጫ አንድ ጥንድ ከቦርሳዎ አይጥፋ።

ስለ አራዊቱ ሲሰጉ ዋናው የሚያሰጋው ቅጠል መሆኑን ልንገርዎት። ጂምፒ ጂምፒ የሚባለው ተክል ከእኛ ሳማ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ልብ የመሰለ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ሰፊ ቅጠል አለው፤ ሲያዩት ለስላሳ ከፋይ ይመስላል። ያ ልስላሴ ግን እንደ መስተዋት የሚሰበር መርዛም ፀጉር ነው፤ ሕመሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተመላልሶ ይመጣል። ብርሃን የሚወድ ስለሆነ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ሳይሆን ዛፍ በወደቀበትና በመንገድ ዳር ይበቅላል፤ ማለትም እርስዎ ለማረፍ በሚቆሙበትና በሚወድቁበት ቦታ። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ መሪው ዳር ሲነካ የእጁን ጀርባ አስነካ፤ ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እንደ አዲስ ይንጠው ነበር። ከነካዎት አይሹት፤ ፀጉሩን በሚያጣብቅ ነገር፣ ለምሳሌ ለፀጉር መንቀያ በሚውል ሰም፣ ነቅሎ ማውጣት ይሻላል። ሙሉ ጣት ያለው ጓንትና ረጅም ካልሲ ማድረግዎን አይርሱ፤ ካልሲው ለአልቅትና ለመዥገርም ይረዳል።

ካሶዋሪ ሰጎን የምትመስል፣ መብረር የማትችል ትልቅ ወፍ ናት፤ በአካባቢው ደኖች ትኖራለች፤ የብዙ ዛፎችን ፍሬ ውጣ ዘሩን በመበተን ደኑን የምትተክለው እርሷ ናት። ካጋጠመችዎት አይሩጡ፣ አይከተሏት፤ ከብስክሌቱ ወርደው በእርስዎና በእርሷ መካከል በማድረግ ፊትዎን ሳያዞሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያፈግፍጉ።

ጭቃው ወደ አፍና ወደ ቁስል ሲገባ የሚያመጣው በሽታ ግን ከወፏ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሌፕቶስፒሮሲስ በእንስሳት ሽንት ከተበከለ ውኃና ጭቃ የሚተላለፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በቦርኔዮ በሳባ በተካሄደ የደን ጽናት ውድድር ከተጠየቁት 189 ተወዳዳሪዎች መካከል 80ዎቹ የበሽታውን ምልክት አሳይተዋል። የውኃ ኮዳዎ ጫፍ ክዳን ያለው ይሁን፤ ጭረት ሁሉ ይሸፈን፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከተሰማዎት የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከሰዓት በኋላ ዘግይተው አይግቡ። ከምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ ፀሐይ ከመጥለቋ ብዙ ቀድሞ ሥሩና ጥላው አይለይም። ጥቁር መነጽር ትተው ነጭ ይያዙ። አየሩ በእርጥበት የተሞላ በመሆኑ ላብ አይተንም፤ ስለዚህ በደጋ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው እዚህ አንድ ሰዓት ብሎ ቢጀምር መልካም ነው፤ ውኃውም ጨው ይኑረው።

ቀኑ የማይለወጥ ከሆነ ብስክሌትዎን ባይወስዱና እዚያው ቢከራዩ እመርጣለሁ፤ ሦስቱ ቀን ሁሉ ዝናብ ሊሆን ይችላልና። የራስዎን መውሰድ ግድ ከሆነ አውስትራሊያ ሲደርሱ በመግቢያ ካርዱ ላይ ማስታወቅ አለብዎት፤ ተቆጣጣሪዎቹ የውጭ አፈር ይፈልጋሉ። ጎማውን፣ የሹካውን ሥርና የፔዳሉን ማጠፊያ በጥርስ ብሩሽ ጭምር አጽድተው፣ አድርቀው ያሽጉት።