ለኤልክ 300 ዊን ማግ ወይስ 338? መጀመሪያ 30-06ን እየው

ወንድሜ፣ «በጥቅምት ኮሎራዶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤልክ ላድን ነው፤ 300 ዊን ማግ ልግዛ ወይስ 338 ዊን ማግ? እስካሁን የተኮስኩት 22 ብቻ ነው» ብለህ ጠይቀሃል። ኤልክ የሰሜን አሜሪካ ትልቅ አጋዘን ነው፤ ቁጥሮቹ የጥይት ዓይነቶች ስም ናቸው፦ 22 ትንሿ ናት፣ ማግ (ማግነም) የሚባሉት ደግሞ ባሩዳቸው የበዛ ነው። ለጊዜው ሁለቱንም አልመክርህም። 30-06 ግዛ፤ የሚተርፍህን ገንዘብ ለጥሩ አረርና ለልምምድ አውለው።

ጉልበቱ ይበቃል። 30-06 የ180 ግሬን (11.7 ግራም) አረር፣ ማለትም ከጥይቱ ተነጥሎ የሚወረወረውን ጫፍ፣ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 3,900 ጁል ይይዛል። 300 ዊን ማግ ያንኑ አረር በሰከንድ 900 ሜትር ያወጣዋል፣ 4,700 ጁል ገደማ። 338 ደግሞ በ225 ግሬን አረር 5,300 ጁል አካባቢ ይደርሳል። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ከ24 ካሊበር (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት) የማያንስ፣ ከ85 ግሬን የማይቀል፣ በ100 ያርድ (91 ሜትር) ላይም 1,000 ፉት ፓውንድ (1,356 ጁል) የሚቀረው አረር ነው። 30-06 በ300 ያርድ ላይ እንኳ ከዚህ በላይ ይዞ ይደርሳል። ወንድ ኤልክ 320 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የባሌ ደጋ አጋዘን ወንዱ በጣም ሲተልቅ ወደዚህ ክብደት ይጠጋል።

ብዙ ሰው ማግነም የሚገዛው «ሩቅ ይመታል» ብሎ ነው። ሁለቱም ጠመንጃዎች በ200 ያርድ ላይ ተስተካክለው በ300 ያርድ ቢተኮሱ፣ የ30-06 አረር 21 ሴንቲ ሜትር፣ የ300 ዊን ማግ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሁለት ጣት ነው። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

የሁለት ጣቷን ዋጋ የሚከፍለው ትከሻህ ነው። አራት ኪሎ በሚጠጋ ጠመንጃ ላይ የ30-06 ወደ ኋላ የሚገፋህ ምት 27 ጁል፣ የ300 ዊን ማግ 35፣ የ338 ደግሞ 45 ጁል ገደማ ነው። ከ22 ተነስቶ 338 የጨበጠ ሰው ከአምስት ስድስት ጥይት በኋላ ሰውነቱ ምቱን አስቀድሞ መፍራት ይጀምራል፦ ቃታውን ቀስ ብሎ በመሳብ ፈንታ ይነጥቀዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ወደፊት ይገፋል። አረሩ ሆድ ወይም እግር ላይ ያርፋል። ሆዱን የተመታ ኤልክ ርቆ ሄዶ፣ ማንም በማያገኘው ጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞታል። ይህ ግፍ ነው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምጽፍልህ። ፍርሃቱ እንዳለብህ ለማወቅ ጓደኛህ፣ አንተ ሳታይ፣ ካዝናው ውስጥ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ይቀላቅልልህ። ባዶው ላይ ቃታ ስትስብ አፈሙዙ ከተወዛወዘ ወደ 22 ተመለስና እጅህ እስኪረጋ ተኩስ። አፈሙዝ ላይ የሚገጠም የምት መቀነሻ አለ፤ ምቱን በእርግጥ ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ለአንተም ለአጠገብህም ጆሮ እጅግ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አረሩ። ለድኩላ ዓይነት ቀላል እንስሳ የተሠራ አረር ልባሱ (የላይኛው የብረት ሽፋኑ) ስስ፣ ውስጡ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ቶሎ እንዲከፈት የታሰበ። ይህንኑ አረር በ300 ዊን ማግ ከ50 ያርድ ላይ የኤልክ ትከሻ አጥንት ብትመታበት፣ ከፍጥነቱ የተነሳ እዚያው ተበታትኖ ሳንባ ላይደርስ ይችላል። ሰውየው «ጥይቱ ደካማ ነው» ብሎ 338 ይገዛል፤ ጥፋቱ ግን የአረሩ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የአረሩን ስም አንብብ። ኖስለር ፓርቲሽን መሐሉ ላይ ግድግዳ ስላለው ፊቱ ሲከፈት ኋላው ሳይበተን ዘልቆ ይሄዳል። እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀው፣ ለምሳሌ አኩቦንድ፣ እንዲሁ ጥሩ ነው። በሁለቱም 180 ግሬን ውሰድ። እንደ ባርነስ ቲ ኤስ ኤክስ ያለ ሙሉ መዳብ ከመረጥክ 165 ወይም 168 ግሬን ይበቃል፤ ክብደቱን ሳይጥል ስለሚሄድ። ፍጥነቱ በጣም ከወረደ ግን በደንብ አይከፈትም፣ ስለዚህ ከሩቅ አትተኩስበት። የእርሳስ አረር ብናኝ ከቁስሉ አልፎ ሥጋው ውስጥ ይበተናል፤ ለልጆች የምታበላው ከሆነ መዳቡን እመርጣለሁ። በእርሳስ ከተመታ ደም የቋጠረውን ዙሪያውን ሰፋ አድርገህ ቁረጥና ጣል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ደግሞ ከአደን ሥጋ ይቅርብህ፣ በደንብ አብስለው።

ጥይት ስትገዛ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ስም አይተህ ይሁን። 300 ዊን ማግ፣ 300 ዌዘርቢና 300 ደብልዩ ኤስ ኤም ስማቸው ቢመሳሰልም አይተካኩም፤ የማይገባውን አስገብቶ መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ለልምምድ ከአንድ ዓይነት ጥይት ቢያንስ ሦስት ካርቶን፣ 60 ፍሬ፣ ግዛ። ፋብሪካው ወይም አረሩ ሲቀየር የሚመታበት ቦታም ይቀየራል። በ100 ያርድ ላይ ካነጣጠርክበት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር አስተካክል፣ 200 ያርድ ላይ ይገናኛል፤ እዚያም ተኩሰህ አረጋግጥ። ከየሦስት ተኩስ በኋላ በርሜሉ ይቀዝቅዝ። መነጽሩ ከዓይንህ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ አለዚያ ቅንድብህን ይተረትረዋል። ከዚያ ጠመንጃውን የምታሳርፍበትን የመተኮሻ ጠረጴዛ ተው። ተቀምጠህ፣ በዱላ ተደግፈህ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሳህን ላይ አምስት ጥይት ተኩስ። አምስቱም የሚያርፉበት የመጨረሻው ርቀት ያንተ ወሰን ነው፤ 150 ያርድ ከሆነ 150 ነው።

ኤልኩ ጎኑን ሲሰጥህ የፊት እግሩን በዓይንህ ተከትለህ ወደ ላይ ውጣ፣ ከትከሻው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ከፍ ብለህ አነጣጥር። ጀርባውን ከሰጠህ አትተኩስ። ሳንባው ተመትቶም ምንም እንዳልሆነ ቆሞ ሊያይህ ይችላል፤ ቶሎ አቀባብልና ድገመው።

338 የሚገባው ትልቅ ድብ ባለበት በአላስካ ሙስ (ከኤልክ የሚበልጥ አጋዘን) ስታድን ነው፤ ለአፍሪካ ጎሽ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ያለው 375 ኤች ኤንድ ኤች የተባለው ትልቅ ጥይት። እዚያ ለመድረስ አንድ ሁለት ዓመት በ30-06 ተኩስ።

ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው ኮሎራዶ ላይ ፈቃድ የሚያገኘው የአዳኝነት ትምህርት ሰርተፊኬት ሲኖረው ነው፤ አሁኑኑ ጀምረው። ግሪን ካርድ ሳይኖርህ በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ከሆንክ ደግሞ የፌደራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ ይከለክልሃል፤ የአደን ፈቃድ ማውጣት ከዚህ ክልከላ ነጻ ከሚያደርጉት መንገዶች አንዱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አውጣ፣ ሱቅ የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው።