«ማንን እንደመረጥኩ አልነግርህም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ፓስፖርቴ ግን ዛሬም የኢትዮጵያ ነው። ምርጫ በተነሳ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 አገር ቤት ድምፅ ሲሰጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ እሑድ ማታ በፈረንጅ 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጣቢያው ተከፈተ። እናቴ መርጣ ስትመለስ ደወልኩና «ማንን መረጥሽ?» አልኳት። «አልነግርህም» አለችኝ። ብለማመጥ፣ ብቆጣ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በየወሩ የምልክላት እኔ ነኝ። እኔ መምረጥ ካልቻልኩ መጠየቅም አልችልም?

መልስ፦ የሕጉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። መራጭ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ነው። በ2013 ኤምባሲ ሄዶ ድምፅ መስጠት የሚባል ነገርም አልነበረም። ስለዚህ ፓስፖርትህ አልጠቀመህም፤ የውጭ ዜግነት ወስዶ ቢጫ ካርድ፣ ማለት የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ የያዘው ጎረቤትህማ ጭራሽ አይመርጥም፣ አይመረጥም።

ወደ እናትህ ልመለስ። ከደብዳቤህ የቆረቆረችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በየወሩ የምልክላት እኔ ነኝ»። ለምን ጻፍካት? ምርጫና ሐዋላ ምን አገናኛቸው? የድምፅ ሚስጥርነት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ የተጻፈ ነው፤ ለልጅ ሲሆን ይቀራል የሚል ግን አላየሁበትም።

ልፈርድብህ ግን አልችልም፣ እኔም ያደረግኩት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997፣ እሑድ ነበር። ዋሽንግተን ሆኜ የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዛሁ፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፋቅሁ። አባቴ የዚያን ጊዜውን የቴሌቪዥን ክርክር አንድም ሳያመልጠው ተከታትሎ፣ በደወልኩ ቁጥር ማን ማንን እንዳፋጠጠ ይተርክልኝ ነበር። ስለዚህ ሁሉን ይነግረኛል ብዬ ነበር።

«ወረቀቱን አጥፌ ከተትኩት» አለኝ።

«ለማን?»

«ለሳጥኑ።»

ተናደድኩ። ያሠራሁለትን ጣሪያ ሳይቀር አነሳሁበት። መልስ ሳይሰጠኝ ካርዱ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ። የመረጠውን ዛሬም አላውቅም። ስለ ጣሪያው መናገሬ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል።

እንቅልፍህን ስለማጣትህ ደግሞ፦ በ2013 የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ተራዝሞ ነበር፤ አጠቃላይ ውጤቱ የተነገረው ሐምሌ 3፣ ከ19 ቀን በኋላ ነው። በዚያች ሌሊት በየስልኩ የሚዞረው ፎቶ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈ የውጤት ወረቀት ነው፣ የአንድ ጣቢያ ብቻ። የምክር ቤቱ ወንበር ደግሞ 547 ነው። አንዷን ወረቀት አይተህ ስትደሰት ወይም ስታለቅስ ማደር፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ነገ ሥራ ላለው ሰው አይሆንም።

በሚቀጥለው ምርጫ ለእናትህ ደውል፤ ያውም ከማንም በፊት። ሰልፉ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ዝናብ ያዛችሁ ወይ፣ በርጩማ ያቀበለሽ ሰው ነበር፣ ጣትሽ ላይ ያለው ቀለም ስንት ቀን ቆየ በላት። አባቴን ይህን ብጠይቀው ኖሮ ካርዱ አይበቃንም ነበር። የመረጠችውን ልትነግርህ ከፈለገች ራሷ ታነሳዋለች፤ ካላነሳችው እንዳታነሳው። ገንዘቡንም ከምርጫው ቀደም ወይም ዘግየት ሳታደርግ፣ በለመደችው ቀን ላክላት።