ደብዳቤውን ማን ይከፍተዋል?

ሰላም ለዚህ ቤት። የወንድማችን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ ነው የዋለው። ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የሙያ ማኅበራችን አንድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ኅብረት ውስጥ እንግባ አንግባ ብሎ በጠቅላላ ጉባኤ ሊወስን ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል መዋጮ አለው። በዚህ ገንዘብ ለአንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ዕቃ ብንገዛ አይሻልም ወይ?»

እኔ ሱሉልታ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት በአንድ የሙያ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጉዳዩን ከላይም ከታችም አይቼዋለሁ ማለት ነው። መልሴ «ግቡ» ነው። ግን አንድ ነገር ካላሟላችሁ ባትገቡ ይሻላል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከዕቃው ልጀምር። ድሮ አስተምርበት የነበረ ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ በስጦታ አግኝቶ ነበር። ሦስት ዓመት ካርቶኑ ሳይከፈት መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ከተሰበረ የሚጠየቀው ፈርሞ ያወጣው መምህር ስለሆነ የሚፈርም ጠፋ። በመጨረሻ ስንከፍተው መስተዋቱን ሻጋታ ይዞታል፤ ዓይን የሚደረግበት ሌንስ የለም። ዕቃ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ሲቸግረው የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ያን ሌላ ሰው ገበያ ሄደህ አትገዛውም።

አሁን የማውቀውን የሥነ ፈለክን ነገር ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተው በ1919 ብራሰልስ ላይ ነው። ሰማዩን በ88 ኅብረ ከዋክብት የከፈለው፣ ድንበራቸውንም ያጸደቀው እሱ ነው። ፕሉቶን ከፕላኔትነት ያወረደውም እሱ ነው፤ በ2006 ፕራግ ላይ።

ስለ ፕሉቶ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ አባቴ ዘጠኝ ናቸው ይላል» አለኝ። አባቱ አልተሳሳተም፤ የተማረበት መጽሐፍ ዘጠኝ ይላል። ያን ቀን ፕራግ ላይ ድምፅ የሰጡት ሰዎች 500 እንኳ አይሞሉም። የኅብረቱ አባላት ግን ያኔም ከ9 ሺህ ይበልጡ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተገኘ ሰው እጁን አወጣ፤ ሱሉልታ ያለ ልጅ መጽሐፍ ተለወጠ። እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

እዚያ ለመግባት ደግሞ ዋናው መንገድ በአባል አገር በኩል መታጨት ነው። አንድ ወጣት ዶክትሬቱን ጨርሶ የኅብረቱ አባል መሆን ሲፈልግ የአገሩ ተወካይ ስሙን ያቀርብለታል። ተወካይ የሌለው አገር ልጅ በሌላ በር ማንኳኳት አለበት። መዋጮውም ቢሆን በደረጃ ነው፤ ትንሽ አገር ከትልቁ እኩል አይከፍልም። ስለዚህ የተጠየቃችሁት የትኛውን ደረጃ እንደሆነ አጣርታችሁ ተከራከሩ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚደነግጠው የትልቁን ቁጥር አይቶ ነው።

ሌላም አለ። በጥቅምት 2019 ኅብረቱ ስለ ጋላክሲዎች አንድ ሲምፖዚየም አዲስ አበባ ላይ አካሄደ። ለእኛ ልጅ ውጭ ጉባኤ መሄድ ማለት ቪዛ ነው፣ ትኬት ነው፣ ወራት ነው። ያኔ ግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሚኒባስ ታክሲ ሄዶ፣ ጽሑፉን ሲያነብ የኖረውን ሰው ፊት ለፊት አገኘው። ማታ ደውሎ ሲያወራኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። በዚያው በ2019 ኅብረቱ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ «ስም አውጡላቸው» አለ። ከ110 በላይ አገሮች ተሳተፉ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና ተባለ። የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል። በታኅሣሥ 2019 ነው ይፋ የሆነው፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን በመጠቀችበት ሳምንት። ቡና ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ቡና በባዶ ዓይን አይታይም። በባይኖኩላር ግን ይታያል። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ተማሪዎች ይዤ ግቢው ጥግ ወጣሁ። የአዲስ አበባን መብራት እንጦጦ ከጀርባችን ይጋርድልናል። በሰሜን በኩል ሜዳው ጨለማ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ልጆቹ ጋቢ ለብሰው መጥተዋል። አልማክና አልጎል የሚባሉትን ሁለት ደማቅ ከዋክብት አሳየኋቸው። ቡና ከሁለቱ መሃል ላይ ነው። እጅ ሲንቀጠቀጥ ኮከቡ ስለሚዘል፣ ክርናቸውን አጥሩ ላይ እያስደገፉ በየተራ አዩ። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዓይኗን ሳታነሳ «ቶናና በረካስ የት አሉ?» አለችኝ። እስካሁን የታወቀችው አቦል ብቻ እንደሆነች ነገርኳት። «እንግዲያው እኔ እፈልጋቸዋለሁ» አለች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ፊዚክስ ክፍል አልቀረችም።

ግን እውነቱን ልናገር። ለስም ማውጣቱ አባል መሆን ግዴታ አልነበረም፤ አባል ያልሆኑ አገሮችም ገብተውበታል። ያስፈለገው ደብዳቤው ሲመጣ ከፍቶ የሚያነብ፣ ኮሚቴ የሚያቋቁም፣ ሕዝብ የሚጠይቅ፣ በቀኑ መልስ የሚልክ ሰው ነበር። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው ተገኘ። ሱሉልታ ድረስ የደረሰን በእሱ ነው።

ቅድም እመጣለሁ ያልኩት አንድ ነገር ይሄ ነው። እኔ ሥራ አስፈጻሚ በነበርኩበት ማኅበር የሆነውን ስማ። አባል ለሆንበት ዓለም አቀፍ ኅብረት መዋጮ እንከፍል ነበር። ዶላሩን ለማስፈቀድ ባንክ ለባንክ ስንንከራተት ወራት ይፈጃል። ከኅብረቱ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ የሚገባው ግን በቀድሞው ጸሐፊ የግል ኢሜይል ነበር። ሰውየው ውጭ ሄደዋል። ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አግኝተናቸው ሲከፍቱልን ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልከፈተው ደብዳቤ ተደርድሯል። ከመሃሉ አንዱ ለወጣት ተመራማሪ ሙሉ የጉዞ ወጪ የሚሸፍን ጥሪ ነበር። የጊዜ ገደቡ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። በዚያው ርዕስ ላይ የምትሠራ አንዲት እህት ማኅበራችን ውስጥ ነበረች። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«እኛስ ምን እንሰጣቸዋለን?» ለሚለው ደግሞ አትስጋ። እኛ ያለንበት ቦታ ሰሜኑንም ደቡቡንም ሰማይ ያሳያል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በእናንተም ሙያ ሌላው የሌለው፣ እናንተ ብቻ ያላችሁ ነገር አይጠፋም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጉባኤው ላይ ተነስተህ መዋጮው ስንት ነው ከማለትህ በፊት ይህን ጠይቅ፦ የኅብረቱ ደብዳቤ በማን ስም ይመጣል? የማኅበሩ የራሱ ኢሜይል አለ ወይ? ሁለት ሰው ይከፍተዋል ወይ? በስንት ቀን ውስጥ ለአባላት ሁሉ፣ በክፍለ ሀገርም ላሉት፣ ይላካል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ያ ከተጻፈ እጅህን አውጣ።